ሥራን አስቀድሞ በወረቀት ስለ መሥራት

የሰው ልጅ ከእንስሳ ከሚለይበት ነገር አንዱ ገና ያልሆነውን ነገር አስቀድሞ በልቡ አይቶ መሰናዳት መቻሉ ነው። ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው እናቷ እንደ ሠራችው ነው፤ ሰው ግን ቤት ለመሥራት የተነሣ እንደ ሆነ ገና እንጨቱ ሳይቈረጥ ቤቱን በሐሳቡ ያቆመዋል፤ በሩን ወዴት እንደሚያዞረው፥ ምድጃውንም የት እንደሚያኖረው ይመክራል። ነገር ግን በልብ ያለ ሐሳብ የሚታየው ለባለቤቱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ይረዳው፥ ይመረምረው፥ ስሕተቱንም ያርመው ዘንድ ሐሳቡ ከልብ ወደ ወረቀት መውጣት ያስፈልገዋል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ለልጆቻችን «ፕሮጀክት ማቀድና ፕሮፖዛል መጻፍ» እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት መሠረቱ ይኸው ነው።

ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና መጨረሻው የታወቀ፥ በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ገንዘብ አንድን የታወቀ ነገር ለመፈጸም የሚደረግ ሥራ ነው። ፕሮፖዛል ማለት ደግሞ ያንን ሥራ ከመጀመር በፊት ለሚፈቅደው፥ ገንዘብ ለሚሰጠው፥ ለሚሠራውና ለሚጠቀምበት ሁሉ የሚቀርብ የጽሑፍ ሐሳብ ነው።

ስለዚህ ትምህርት በቤተሰብ ገጽ መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢዎች እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከወላጆች ብዙዎቹ «ልጄን ለትምህርት ብሰደው የሰው መንደር ውሃ ሲለካ፥ የጐረቤት መጸዳጃ ሲቈጥር ይውላል፤ ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?» እያሉ ሲያጕረመርሙ እንሰማለን። ልጁ የሚማረውን ነገር ወላጅ ያላወቀው እንደ ሆነ ሊመክረውም ሊያበረታታውም አይችልምና ነገሩን ከሥሩ መግለጽ ተገቢ ነው።

ስሙ የባዕድ ስለ ሆነ ነገሩም ባዕድ የሚመስለው ሰው ቢኖር የገዛ እናቱን ያስታውስ። ልጇን ልትድር የተነሣች እመቤት ሠርጉ ለጥር የተቈረጠ እንደ ሆነ ከቀኑ ወደ ኋላ ትቈጥራለች። ብቅሉ በቅሎ፥ ደርቆ፥ ተፈጭቶ፤ ጌሾውም ተወቅጦ ካልተገኘ ጠላው አይጠነሰስም። ጠጁ ቀደም ብሎ ካልተጣለ ለቀኑ አይደርስም። የእንጀራው ሊጥ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ካልተቦካ ምጣዱ ባዶውን ይሰማል። ዳሱ ግን በመጨረሻው ቀን በጐረቤት ጕልበት ሊቆም ይችላል። እንግዲህ ይህች እመቤት የትኛው ሥራ ቢዘገይ ድግሱን ሁሉ እንደሚያበላሸው፥ የትኛውስ ጥቂት ቢዘገይ ግድ እንደሌለው ለይታ ታውቃለች። በአሜሪካ ዱፖንት የሚባለው ኩባንያ ከሬሚንግተን ራንድ ጋር ሆኖ «ክሪቲካል ፓዝ» የሚባለውን የአሠራር ስልት ያወጣው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያም አስቀድሞ ሄንሪ ጋንት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፥ በ1919 ዓ.ም. ያረፈው፥ እያንዳንዱን ሥራ በአንድ መሥመር፥ ጊዜውን ደግሞ በመሥመሩ ርዝመት የሚያሳይ ሰሌዳ በሥራ ላይ አውሎ ነበር፤ ያም ሰሌዳ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የእናቶቻችን ዕውቀት ከነዚህ ሰዎች ዕውቀት የሚያንስ አይደለም። ልዩነቱ የእነርሱ በወረቀት መጻፉ፥ የእናቶቻችን ግን በአእምሮ ብቻ ተይዞ መቅረቱ ነው። በወረቀት የተጻፈ ነገር ግን ጻፊው ቢሞት እንኳ ለሌላው ይተርፋል፤ ሌላውም ስሕተቱን ሊያገኝበት ይችላል።

ይህ ነገር ወደ ትምህርት ቤት የገባው ቀስ በቀስ ነው። በአሜሪካ አገር ዊልያም ኪልፓትሪክ የተባለው መምህር በ1918 ዓ.ም. ስለ «ፕሮጀክት ትምህርት» ባወጣው ጽሑፍ፥ ተማሪ በቃል ከመሸምደድ ይልቅ ራሱ ያቀደውን ሥራ ከልቡ እየሠራ ቢማር እንደሚሻል አስረዳ። በዴንማርክም በ1974 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦልቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን እየከፈለ ከእውነተኛ ችግር ተነሥተው ፕሮጀክት እንዲሠሩ በማድረግ ታወቀ። በልማት ሥራ በኩል ደግሞ በ1969 ዓ.ም. ለአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት «ሎጂካል ፍሬምወርክ» የሚባለው ሠንጠረዥ ተዘጋጀ፤ ዛሬ ተማሪዎቻችን በአጭሩ «ሎግ ፍሬም» የሚሉት ይህ ነው።

በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን ባንድነት ወደ ገጠር የጤና ጣቢያ እየሰደደ ከሕዝቡ መካከል ያስተምራቸው ነበር። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ፥ አብዛኞቹም በመምህርነት፥ አገራቸውን አገልግለዋል። የጂማው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1975 ዓ.ም. ሲመሠረት፥ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፥ ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት የሚለውን መርሕ የራሱ አደረገ። በዚህ መርሕ ተማሪው ወደ ሕዝቡ ወርዶ ቤት ለቤት ይጠይቃል፤ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያሰልፋል፤ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ ዕቅድ ያወጣል፤ የሚቻለውን ይሠራል፤ በመጨረሻም የሠራውን ይመዝናል። «የጐረቤት መጸዳጃ ይቈጥራል» ብለን የምናማው ተማሪ እንግዲህ ይህን የሚያደርገው ነው።

ይህን የምጽፈው ሰው ነገሩን ጠንቅቄ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ልጄ ነው። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በአንዱ የምትማር ልጅ አለችኝ። ባለፈው ዓመት በየካቲት ለዕረፍት ወደ ቤት ስትመጣ ፊቷ ጠቍሮ አየሁና «ምን ሆነሻል፥ ልጄ?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም ሃያ ሁለት ገጽ ያለው ጽሑፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝና «አባባ፥ እርስዎ ያንብቡትና ይፍረዱ፤ ሦስት ወር የደከምንበትን መምህራችን መለሰብን» አለችኝ።

ጽሑፉ ከአራት ባልንጀሮቿ ጋር ያዘጋጀችው ፕሮፖዛል ነው። በአንድ መንደር ያለውን ምንጭ በድንጋይና በሲሚንቶ አጎልብተው፥ ማጠራቀሚያ ሠርተው፥ ውሃውን በቧንቧ ወደ ቦኖ ለማውረድ ያቀዱበት ነው። ቋንቋው ያማረ፥ ሠንጠረዡ የተስተካከለ፥ ሥዕሉም በልዩ ልዩ ቀለም የተነቀሰ ነበር። መምህሩ ግን በመጨረሻው ገጽ በቀይ ቀለም ሦስት ጥያቄ ብቻ ጽፎ መልሶታል። አንደኛው፥ «ምንጩን የለካችሁት በየትኛው ወር ነው?» ሁለተኛው፥ «ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ያነጋገረ ማን ነው?» ሦስተኛው፥ «ገንዘባችሁ ባለቀ ማግሥት ቧንቧው ቢሰበር የሚጠግነው ማን ነው?»

ልጄ መምህሩ ጨካኝ እንደ ሆነ እንድመሰክርላት ትጠብቅ ነበር። እኔ ግን እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ካነበብሁ በኋላ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱንም ላንባቢ ባልናገር ይህን ጽሑፍ መጻፌ ከንቱ ይሆናል።

የዛሬ ሃያ ዓመት ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሳለሁ፥ ልክ የልጄን የሚመስል ወረቀት ከጠረጴዛዬ ላይ ቀርቦ ነበር። ገንዘቡ ተገኝቷል፤ መሐንዲሱ ፈርሟል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ነበር። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ፈረምሁ። ሥራው አለቀና በጥቅምት ወር ሪባን ቈርጠን መረቅነው፤ ውሃውም ሲፈስ ሕዝቡ እልል አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሚያዝያ በዚያው መንገድ ሳልፍ ቦኖው ደርቆ፥ ፍየሎች ከጥላው ሥር ተኝተው አገኘሁ። አንዲት ባልቴት እንስራ አዝለው ከወንዝ ሲመለሱ አይቼ «እናቴ፥ ይህ ውሃ ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ሸክማቸውን ሳያወርዱ «ጌታዬ፥ ይህ ምንጭ በመጋቢት ይተኛል፤ ከጥንትም እንዲሁ ነበር። ማንም አልጠየቀንም እንጂ እንነግራችሁ ነበር» አሉኝ። እኔም የምመልሰው ቃል አጣሁ። ያ ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነበር፤ ያ ፊርማም የእኔ ፊርማ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጄ በማግሥቱ ነገርኋት። እርስዋም ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እንግዲያውስ አባባ፥ እርስዎም ያን ጊዜ እንደ እኛ መምህር የሚጠይቅዎ ሰው ቢኖር ይሻልዎ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው።

አሁን ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። ልጆቹ በጥቅምት፥ ክረምቱ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፥ ምንጩን ሲለኩ 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን በ50 ሰከንድ ሞላ። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነውና በቀን 1,728 ጀሪካን፥ ማለት 34,560 ሊትር ውሃ ይወጣል ማለት ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 20 ሊትር፥ ማለት አንድ ጀሪካን ቢያስፈልገው፥ ምንጩ ለ1,728 ሰው ይበቃል። መንደሩ 300 ቤተሰብ፥ 1,500 ያህል ሰው ስለ ነበረው ልጆቹ ተደስተው ጻፉ። ከመምህሩ ጥያቄ በኋላ ግን በመጋቢት ተመልሰው ቢለኩ ጀሪካኑ የሞላው በ100 ሰከንድ ነው። ውሃው በእኩሌታ አንሶ ለ864 ሰው ብቻ የሚበቃ ሆነ። ከ1,500ው ሰው 636ቱ በበጋ ባዶ እንስራ ይዘው ሊቆሙ ነበር ማለት ነው። አንድ ጀሪካንና አንድ ሰዓት ሃያ ሁለቱን ገጽ አፈረሱት።

እንግዲህ ተማሪዎች ፕሮፖዛል ሲጽፉ የሚማሩት ምን እንደ ሆነ በዚሁ ምሳሌ እንከተለው።

የመጀመሪያው ችግሩን በትክክል መግለጽ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚስተው በዚህ ላይ ነው። «የመንደሩ ችግር ቦኖ አለመኖሩ ነው» ብሎ ይጽፋል። ይህ ግን መድኃኒቱን ገልብጦ ሕመም ብሎ መጥራት ነው። ችግሩ ሴቶችና ልጃገረዶች ውሃ ፍለጋ ሩቅ መሄዳቸው፥ ልጃገረዶቹም ከትምህርት ቤት መዘግየታቸው፥ ሕፃናትም ባልጠራ ውሃ መታመማቸው ነው። መምህራን ይህን ለማስተማር «የችግር ዛፍ» የሚባል ሥዕል ያሠራሉ፤ ግንዱ ዋናው ችግር፥ ሥሮቹ ምክንያቶቹ፥ ቅርንጫፎቹም ከችግሩ የሚወጡት ጕዳቶች ናቸው። ቅርንጫፉን ብቻ የሚቈርጥ ሰው ዛፉ መልሶ ያቈጠቍጥበታል።

ሁለተኛው ዓላማውን በሚለካ ቃል መጻፍ ነው። «የሕዝቡን ኑሮ ማሻሻል» የሚል ዓላማ መልካም ምኞት ነው እንጂ ዓላማ አይደለም፤ መድረሱም አለመድረሱም አይታወቅምና። «እስከ መጪው ሰኔ ድረስ 160 ቤተሰብ በመጋቢት ወር ሳይቀር ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ እንዲያገኝ ማድረግ» የሚለው ግን ማንም ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችል ነው።

ሦስተኛው ከላይ የጠቀስነው ሎግ ፍሬም ነው። አራት ረድፍና አራት ዐምድ አለው። በረድፉ ከታች ወደ ላይ የሚሠራው ሥራ፥ ከሥራው የሚገኘው ውጤት፥ ውጤቱ የሚያደርሰው ዓላማና የመጨረሻው ግብ ይጻፋሉ። በዐምዱ ደግሞ ነገሩ ራሱ፥ መለኪያው፥ መለኪያው የሚረጋገጥበት መንገድና ከእጃችን ውጭ ሆነው ሥራውን ሊያሰናክሉ የሚችሉ ነገሮች ይጻፋሉ። ብልኀቱ ያለው በዚህ በመጨረሻው ዐምድ ነው። «ምንጩ በበጋ አይደርቅም» የሚለውን ነገር በዚያ ዐምድ ለመጻፍ የተገደደ ሰው «ይህን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርምና።

አራተኛው የጊዜ ሰሌዳውና በጀቱ ነው። ድንጋይና አሸዋ የሚጓጓዘው ዝናብ ሳይጥል ነው፤ የገበሬው ጕልበት የሚገኘው ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ነው፤ ይህን ያልቈጠረ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በጀትም ሲጻፍ እያንዳንዱ ነገር በዓይነቱ፥ በብዛቱና በዋጋው መገለጽ አለበት። «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚለው መሥመር ከሁሉ የወፈረ እንደ ሆነ ጻፊው ወይም አላሰበበትም፥ ወይም አስቦበታል። ሕዝቡ በጕልበቱ፥ በድንጋዩና በአሸዋው የሚያዋጣውም በገንዘብ ተተምኖ ሊገባ ይገባዋል፤ ያዋጣው ሰው ባለቤት ነውና ንብረቱን ይጠብቃል።

አምስተኛው ከሥራው ፍጻሜ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። የውሃ ኮሚቴው እነማንን ይይዛል? ከየቤቱ በወር ስንት ይዋጣል? ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል? የቧንቧውን ጐማ መለወጥ ማን ይማራል? የመምህሩ ሦስተኛ ጥያቄ ይህ ነበር። የልጄ ቡድን ሴቶቹን ባነጋገሩ ጊዜ፥ ከቀዳጆቹ መካከል ሁለቱ በኮሚቴው ካልገቡ ቦኖው የሚከፈተው ለወንዶቹ ከብት በሚመች ሰዓት እንደሚሆን ተነገራቸው። ይህን ከመጽሐፍ የሚያገኘው ማን ነው?

በመጨረሻ ልጆቹ ዕቅዳቸውን አሳነሱት። ለ1,500 ሰው የታሰበው ለምንጩ ቅርብ በሆነው ጎጥ ላሉት 160 ቤተሰብ፥ ለ800 ያህል ሰው ሆነ፤ የቀረው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ምንጭ ተፈልጎ በሁለተኛ ክፍል እንዲታሰብለት ጻፉ። መምህሩም ተቀበላቸው። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ልጄም ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየሄደች ወረቀቱን ታቀርባለች። ቢገኝ ግን ውሃው በመጋቢት አይተኛም።

ይህ ሥርዓት የምዕራባውያን ብቻ የሚመስለው ሰው መጽሐፈ ነህምያን ገልጦ ይመልከት። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለመሥራት ከንጉሡ ፈቃድ ሲለምን ንጉሡ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ጠየቀው፤ እርሱም ቀን ቈርጦ ነገረው። በወንዝ ማዶ ላሉት ገዦች የይለፍ ደብዳቤ፥ ለንጉሡ ደን ጠባቂም እንጨት እንዲሰጠው ትእዛዝ አስጻፈ። ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜም ለማንም ሳይናገር በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በዓይኑ መረመረ። ከዚህ በኋላ ነው ሕዝቡን ሰብስቦ እንሥራ ያላቸው፤ ብዙዎቹንም በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን እንዲሠሩ አደረገ። ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ። ጊዜው፥ ዕቃው፥ ፈቃዱ፥ ምርመራው፥ የሕዝቡም ድርሻ ሁሉም በዚያ አሉ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ይህን ትምህርት ሲማር ከማጕረምረም ይልቅ ጽሑፉን ተቀብላችሁ አንብቡለት። ቋንቋው አማረ አላማረ ብላችሁ አትድከሙ፤ ያን መምህሩ ያየዋል። «ይህን ማን ነገረህ? በዓይንህ አይተሃልን? ቢከሽፍስ የሚጐዳው ማን ነው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁት። ቤት ስታድሱም፥ እኅቱንም ስትድሩ ሒሳቡንና የጊዜ ሰሌዳውን እርሱ እንዲጽፈው ስጡት፤ በቤቱ ድግስ የተሳሳተ ሰው በሕዝብ ገንዘብ ለመሳሳት ይፈራል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ጽሑፉን በገንዘብ ከሌላ ሰው እንዳያስጽፍ፥ ከሌላም እንዳይገለብጥ ጠብቁት። ዛሬ ደግሞ ለጠየቀው ሁሉ ያማረ ጽሑፍ በደቂቃ የሚያዘጋጅ የኮምፒውተር መሣሪያ መጥቷል። መሣሪያው ሃያ ሁለቱን ገጽ ከልጄ አሳምሮ ሊጽፈው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በመጋቢት ፀሐይ ጀሪካን ይዞ ከምንጩ አጠገብ አይቆምም፤ ባልቴቲቱንም «እናቴ፥ ይህ ውሃ ምን ሆነ?» ብሎ አይጠይቃቸውም።

በሥልጣን ያለን ሰዎችም ለመፈረም ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች እናስብ። እኔ በወረቀት ጽፌ ከጠረጴዛዬ መስተዋት ሥር አኑሬአቸዋለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ለእኔ ግን ከጠመጠምሁ በኋላ ልጄ አስተማረችኝ፤ በዚህም አላፍርም።